አሣ አጥማጁ ደራሲ ዜን ግሬይ እና የቤቱ ሒሳብ



በዚህ የአባላት ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምናነበው ስለ ብርቱ ሴቶች ነው። ዛሬ ግን ከሞተ ከ80 ዓመት በላይ የሆነውን አንድ አሜሪካዊ ወንድ ልናስታውስ ተነሥተናል። ስሙ ዜን ግሬይ ይባላል። በዘመኑ መጻሕፍታቸው በብዛት ከሚሸጥላቸው ደራስያን አንዱ ነበር። ጀብዱ የሚወድ፣ በረሃና ባሕር ያቋረጠ፣ የሦስት ልጆች አባትና አሣ ማጥመድ እንደ እህል ውኃ የሆነበት ሰው ነበር።

በሴቶች የራስ አገዝ ማኅበር መጽሔት ላይ የአሣ አጥማጅ ታሪክ ምን ይሠራል የምትሉ አትጠፉም። እኛ በሒሳብ ሥራ የምንተዳደር ነንና የአንድን ሰው ሕይወት ስናነብ ዓይናችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ መዝገቡ ነው። ገንዘቡ ከየት መጣ፣ በማን እጅ አለፈ፣ ማንስ ጠበቀው ብለን እንጠይቃለን። የዜን ግሬይን ሕይወት በዚህ ዓይን ስናየው ከማጥመጃ ዘንጉ ጀርባ መዝገብ የያዘች አንዲት ሴት እናገኛለን። የምንነግራችሁ የእሱን ሕይወት ቢሆንም እሷም በየቦታዋ ትገባለች። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥርስ ሐኪሙ ልጅ

ዜን ግሬይ ጃንዋሪ 31 ቀን 1872 ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ዜንስቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። ከተማዋን የቆረቆራት ኤቤኔዘር ዜን የሚባል የእናቱ ቅድመ አያት ስለሆነ የከተማዋም የእሱም ስም ከዚያ የመጣ ነው። ከአምስት ልጆች አራተኛው ነበር። ሲወለድ የወጣለት የመጀመሪያ ስም ፐርል፣ ማለትም ዕንቍ ነበር። ይህ የሴት ስም ስለሚመስል አልወደደውምና ካደገ በኋላ ትቶታል።

አባቱ የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ ቁጡም ነበሩ። ልጁ በ15 ዓመቱ የመጀመሪያ ታሪኩን ሲጽፍ አባትየው ወረቀቱን ቀዳደው ልጁን ገረፉት። በዚያ ዕድሜው የተጠጋው በከተማው ሰው ዘንድ ብዙም ክብር ወደሌላቸው አንድ ሽማግሌ ነበር። እኒህ ሰው አሣ ከማጥመድ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። አባቱ ከእሳቸው ጋር እንዳይውል ቢከለክሉትም ልጁ ለአምስት ዓመት ያህል እየተደበቀም ቢሆን ከጎናቸው አልጠፋም። ወንዝ ዳር ተቀምጦ በትዕግሥት መጠበቅን የተማረው ያኔ ነው።

በ1889 አባቱ ገንዘባቸውን ባልሆነ ሥራ ላይ አውለው ከሰሩ። ከኀፍረትም ከችግርም የተነሣ ቤተሰቡ ዜንስቪልን ለቆ ኮሎምበስ ወደሚባለው ከተማ ተሰደደ። ልጁም ቤተሰቡን ለመርዳት ፈቃድ ሳይኖረው በየገጠሩ እየዞረ ጥርስ ይነቅል ጀመር፤ ቆይቶ የግዛቲቱ ባለሥልጣናት ደርሰውበት አስቆሙት። በአንድ ቀን ስሕተት የሞላ ቤት ሲጎድል በልጅነቱ ያየ ሰው ገንዘብ አያያዝ ይማራል ብለን እንጠብቃለን። ዜን ግሬይ ግን አልተማረም። በዕድሜው ሁሉ ገንዘብ ሲመጣ የሚያወጣ እንጂ የሚያስቀምጥ ሰው አልነበረም።

የሚያወጣውን ጉድጓድ ያገኘው በቤዝቦል ጨዋታ ነው። ኳስ በመወርወር ጎበዝ ስለነበር ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በነፃ የትምህርት ዕድል ተቀበለው። የአባቱን ሙያ ተምሮ በ1896 ተመረቀና ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ የጥርስ ሕክምና ቤት ከፈተ። ሥራውን አልወደደውም። ማታ ማታ ይጽፋል፤ የሳምንቱ መጨረሻ ሲደርስ በባቡር ከከተማ ወጥቶ ዴላዌር ወንዝ ላይ አሣ ያጠምዳል። በ1902 በአንድ መጽሔት የወጣለት የመጀመሪያ ጽሑፉም በዚያው ወንዝ ላይ ስላሳለፈው የማጥመድ ቀን የሚናገር ነው።

ዶሊ

በ1900 በጋ ዜን ግሬይ ላካዋክሰን በምትባል መንደር አጠገብ በዴላዌር ወንዝ ላይ ታንኳ ሲቀዝፍ ከአንዲት ወጣት ጋር ተዋወቀ። ሊና ኤሊዝ ሮት ትባላለች፤ እሱ ዶሊ ይላታል፤ በታሪክም የቀረችው በዚሁ ስም ነው። ያኔ እሱ 28፣ እሷ 17 ዓመታቸው ነበር። ከሐኪሞች ቤተሰብ የተወለደች፣ መምህርት ለመሆን የምትማር ልጅ ነበረች። ትምህርቷን ሳታቋርጥ አምስት ዓመት ተጠባበቁና በ1905 ተጋቡ።

ከጋብቻው በፊት ዜን ግሬይ አንድ ነገር አልደበቃትም። ነፃነቱን አጥብቆ እንደሚወድ፣ ጠባዩም በቀላሉ እንደማይለወጥ ጽፎላታል። እሷም ያንን አውቃ ገባች። ይህን ልብ በሉት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዶሊ የቤተሰብ ውርስ ነበራት። ዜን ግሬይ የጥርስ ሕክምና ቤቱን ዘግቶ ሙሉ ጊዜውን ለጽሕፈት ሊሰጥ የቻለው በዚህ ገንዘብ ተደግፎ ነው። ላካዋክሰን ላይ በወንዙ ዳር ቤት ይዘው ተቀመጡ። እሱ በእጁ ይጽፋል፤ እሷ ሰዋስዉን ታርማለች፣ የተንዛዛውን ትቆርጣለች፣ በንጹሕ ትገለብጣለች። ሰዋስውና ሥርዓተ ነጥብ ለእሱ የሚሆኑ ነገሮች አልነበሩም፤ እሷ ግን ተምራቸዋለች።

የመጀመሪያው መጽሐፉ ቤቲ ዜን ይባላል፤ ከጋብቻው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1903 የወጣ ነው። አሳታሚዎች ሁሉ ስላልተቀበሉት ያሳተመው በግሉ ነበር። ታሪኩ ከእናቱ ወገን የሆነች የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር በተዋጋችበት ዘመን፣ በ1782፣ ምሽጋቸው ተከቦ ባሩድ ሲያልቅባቸው ቤቲ ዜን በጥይት መካከል ሮጣ ባሩድ አምጥታ ምሽጉን እንዳዳነች በቤተሰቡ ሲነገር ኖሯል። ይህ የወንድ ጀብዱ ጸሐፊ የተባለ ሰው መጻፍ የጀመረው በሴት ጀግና ታሪክ መሆኑን ስናውቅ ደስ ብሎናል።

ወደ ምዕራብ

በ1907 ኒውዮርክ ውስጥ ቡፋሎ ጆንስ የሚባል አንድ ሽማግሌ አዳኝ ንግግር ሲያደርግ ዜን ግሬይ ሰማው። ሰውየው የዱር ጎሽን ከቤት ከብት ጋር ለማዳቀል የሚጥር፣ የተራራ አንበሳን በገመድ አስሮ ከነሕይወቱ እይዛለሁ የሚል ነበር፤ ብዙ ሰውም አላመነውም። ዜን ግሬይ አብሬህ ሄጄ ያየሁትን ልጻፍልህ አለው። የቤቱ ኑሮ በአብዛኛው በዶሊ ውርስ ላይ ቆሞ ሳለ ዶሊ ሂድ አለችው። ወደ አሪዞና ሄዶ በግራንድ ካንየን ገደል አፋፍ ላይ በፈረስ ተጓዘ፣ በድንኳን አደረ፣ የተራራ አንበሳም በገመድ ሲያዝ አየ።

ተመልሶ የጻፈውን መጽሐፍ ለሃርፐር ማተሚያ ቤት ሲያቀርብ አርታዒው ልብ ወለድም ሆነ ሌላ ነገር ለመጻፍ የሚያስችል ምልክት አላየሁብህም ብሎ መለሰው። ዕድሜው 35 አልፏል፤ የጥርስ ሕክምናውን ትቷል፤ የሚበሉት የሚስቱን ገንዘብ ነው። ከዚያ ቢሮ ሲወጣ ምን እንደተሰማው መገመት ይቻላል። ግን ወደ ቤቱ ተመልሶ ጻፈ። በ1909 የመጀመሪያ ልጃቸው ሮመር ተወለደ። በ1910 ዘ ሄሪቴጅ ኦቭ ዘ ዴዘርት የተሰኘው ልብ ወለዱ በዚያው በሃርፐር ታተመና ተወደደ።

በ1912 ደግሞ ስሙን ያስጠራው መጽሐፍ ወጣ። ራይደርስ ኦቭ ዘ ፐርፕል ሴጅ ይባላል። የታሪኩ ዋና ባለቤት ጄን ዊዘርስቲን የከብት እርባታና የመሬት ባለቤት የሆነች፣ ሀብቷን ሊቀሟት ከሚፈልጉ ኃያላን ጋር የምትታገል ሴት ናት። ይህንንም አርታዒው አልወደደውም ነበር። ዜን ግሬይ ግን ወደ ማተሚያ ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ዘንድ በቀጥታ ሄዶ እንዲያነቡለት ለመናቸው፤ አንብበው ይታተም አሉ። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። ከ1917 እስከ 1926 ባሉት ዓመታት መጻሕፍቱ በአሜሪካ በብዛት ከተሸጡት አሥሩ ዝርዝር ውስጥ 9 ጊዜ ገብተዋል። ከመጻሕፍቱ የተሠሩት ፊልሞች ከመቶ ያልፋሉ። በጽሕፈት ብቻ ሚሊየነር ከሆኑት የመጀመሪያዎቹ ደራስያን አንዱ ነው።

በዚሁ በ1912 ሴት ልጃቸው ተወለደች፤ ቤቲ አሏት። በ1915 ሦስተኛው ልጅ ሎረን ተከተለ። በ1918 ቤተሰቡ ወደ ካሊፎርኒያ ተዛወረ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶም አልታዴና በሚባል ቦታ ትልቅ ቤት ገዙ።

እኩል ለእኩል

አሁን ወደ መዝገቡ እንግባ። ከአሳታሚዎች፣ ከወኪሎችና ከፊልም ኩባንያዎች ጋር ውል የምትደራደረው ዶሊ ነበረች። የአሜሪካ ሴቶች በመላው አገሪቱ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 መሆኑን አስቡ። ዶሊ ግን ከዚያ በፊት ጀምራ የአንድን ታዋቂ ደራሲ ገንዘብ በሙሉ ታስተዳድራለች። ባልየው በረሃ ላይ ወይም ባሕር ላይ ነው። ጽሑፉ በፖስታ ይመጣል፤ እሷ ታርመዋለች፣ ትሸጠዋለች፣ ዋጋውን ትቀበላለች።

ገቢው ሁሉ በሁለት እኩል ይከፈል ነበር፤ ግማሹ ለእሱ፣ ግማሹ ለእሷ። ብዙ ባሎች ለሚስቶቻቸው የወር ወጪ ብቻ በሚቆርጡበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመጽሐፉ ሽፋን ላይ የእሱ ስም ብቻ ቢኖርም፣ የእሷ እጅ ያለበት ሥራ መሆኑን በገንዘብ ያመነ ሰው ነው። ይህን ስናነብ አክብረነዋል።

ነገር ግን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ገቢውን ካየ በኋላ ወጪውን ያያል። የቤተሰቡ ወጪ በሙሉ፣ የልጆቹ ማሳደጊያ፣ የቤቱ ማስተዳደሪያ የሚወጣው ከዶሊ ግማሽ ነበር። የእሱ ግማሽ ለጀልባ፣ ለማጥመጃ ዕቃ፣ ለጉዞ፣ አብረውት ለሚጓዙት ይውላል። ገቢው እኩል ተከፈለ፤ ኃላፊነቱ ግን እኩል አልተከፈለም። በአንድ ቤት ውስጥ ማን ምን ያህል አገኘ ብለን ብቻ ብንጠይቅ ይህን አናየውም። ማን ምን ተሸከመ ብለን ስንጠይቅ ነው የሚታየው።

ትልልቆቹ አሣዎች

አሁን ደግሞ ስለ ባሕሩ እንናገር፤ ያለዚያ ሰውየውን አናውቀውም።

ብዙዎቻችን አሣ የምናውቀው በጾም ቀን ገበታ ላይ ነው። አጥማጁም በመረብ ይዞ ለገበያ የሚያቀርብ ባለሙያ ነው። ዜን ግሬይ የሚያጠምደው ግን ለመብላት ወይም ለመሸጥ አልነበረም። በእጅ በሚያዝ ዘንግና በቀጭን ክር፣ ከሰው ብዙ እጥፍ የሚከብድ አሣ ጋር ብቻውን መታገል ነው የሚወደው። አሣው መንጠቆውን ከዋጠ በኋላ በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር ክር እየጎተተ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። አጥማጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘንጉን እያነሣ፣ ክሩን እየጠቀለለ ለሰዓታት ይታገላል። ክሩ ከልክ በላይ ከተወጠረ ይበጠሳል፤ ከላላም አሣው ያመልጣል። ትግሉን ጀምሮ ዘንጉን ለሌላ ሰው ማቀበል እንደ ሽንፈት ይቆጠራል።

ራሱ እንደሚናገረው በዓመት በአማካይ 300 ቀን ያጠምድ ነበር። በፍሎሪዳ የሎንግ ኪ የአጥማጆች ክበብ ሲቋቋም ከወንድሙ ጋር አስተዋጽኦ አድርጓል፤ ከ1917 እስከ 1920ም ፕሬዚዳንቱ ነበር። በካሊፎርኒያ ትይዩ ባለችው በካታሊና ደሴት ቤት ሠራ። በ1924 ካናዳ ውስጥ ኖቫ ስኮሺያ ላይ 758 ፓውንድ፣ ማለትም 344 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቱና ይዞ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ጊዜ ባለ ሦስት ምሰሶ የሸራ መርከብ ገዝቶ ፊሸርማን ብሎ ሰየማት፤ በ1925ም ወደ ጋላፓጎስ ደሴቶች ተጓዘባት።

በ1926 ኒውዚላንድ ሄዶ ቤይ ኦቭ አይላንድስ በተባለው ቦታ፣ ኡሩፑካፑካ ደሴት ላይ ሰፈረ። ያንን ባሕር በመጽሐፉ ከማስተዋወቁ የተነሣ ዛሬም በአካባቢው ስሙ ይነሣል። መንጠቆ የሌለበት ማታለያ ከጀልባ ኋላ እየጎተቱ ትልልቅ አሣዎችን ወደ ላይ የመሳብ ዘዴንም ያስፋፋው እሱ ነው፤ አጥማጆች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

በ1930 ታሂቲ ደሴት አጠገብ ከሁሉ የበለጠውን ያዘ። 1,040 ፓውንድ፣ ወደ 472 ኪሎ የሚመዝን ማርሊን ነበር። በዘንግ ተይዞ ከሺህ ፓውንድ ያለፈ የመጀመሪያው አሣ ነው። ወደ ጀልባዋ ሳይደርስ ሻርኮች ከሥጋው ገምጠውለት ነበርና ሙሉውን ቢያገኘው ክብደቱ ከዚያም በላይ ይሆን ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች የሰውየውን ብርታት ያሳያሉ። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ባለ ጠጎች ገንዘባቸውን በቁማርና በመጠጥ ሲጨርሱ እሱ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ባሕር ላይ ይውላል፤ ባሕር በማይገባበት ጊዜም ይጽፋል። ወደ 90 የሚጠጉ መጻሕፍት የጻፈ ሰው ሰነፍ ሊባል አይችልም።

የቤተሰብ ሰው ነበርን?

ዜን ግሬይን ከሚያነሡት ብዙዎቹ ባልና አባት መሆኑንም ያወሳሉ። እኛም ጥያቄውን በቅንነት እንየው።

የሚያስመሰግነው አለ። ከዶሊ ጋር ለ34 ዓመት ትዳራቸው አልፈረሰም። ከየሄደበት ይጽፍላታል፤ እሷም ትመልስለታለች። እነዚያ ደብዳቤዎች ከሞቱ በኋላ ተሰብስበው በመጽሐፍ ታትመዋል፤ የሚያሳዩትም እስከ መጨረሻው የተዋደዱ፣ አንዱ የሌላውን ምክር የሚሻ ባልና ሚስት መሆናቸውን ነው። ልጁን ሮመርን በባሕር ጉዞዎቹ ይዞት ሄዷል። ሮመርም ስለ ጉዞዎቹ የራሱን መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል። አባቱ የእሱን ወረቀት ቀዳደው ነበር፤ እሱ ግን ልጁ እንዲጽፍ መንገድ ከፈተለት። በዚህ ረገድ ከአባቱ የተሻለ አባት ሆኗል።

የማያስመሰግነውም አለ። በዓመቱ ውስጥ ለወራት ከቤት አይገኝም ነበር። ልጆቹ ሲታመሙ፣ ሲማሩ፣ ሲያድጉ አጠገባቸው የነበረችው እናታቸው ናት። በየጉዞው ሌሎች ሴቶችን ያስከትል እንደነበርና ከእነሱም ጋር ግንኙነት እንደነበረው የሕይወት ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። ዶሊም ታውቅ ነበር። ከጋብቻው በፊት የነገራትን አስታውሱ። ቀድሞ መናገሩ ድርጊቱን ትክክል አያደርገውም፤ አላታለላትም ለማለት ያህል ግን ይሆናል። በዚያ ላይ ጨለማ ስሜት በየጊዜው ይጫነው ነበር። መጻፍ የሚያቅተው፣ ከሰው የሚሸሽበት ጊዜ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚያጽናናው የዶሊ ደብዳቤ ነው።

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። እነሱ ግን አንዱ የባሕር፣ አንዷ የየብስ ሆነው ኖሩ። ዶሊ የተበደለች ሴት ብቻ አድርገን ልናያት አንፈልግም። የራሷ ገንዘብ፣ የራሷ ሥልጣን፣ የራሷ ሥራ ነበራት፤ ብትፈልግ ቤቱን ጥላ ለመሄድ አቅም አላነሳትም። መቆየትን የመረጠችው እሷ ናት። ምርጫዋን ልናከብርላት፣ የከፈለችውንም ዋጋ ልንቆጥርላት ይገባል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1929 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጀመረ። የመጽሐፍ ገበያ ቀዘቀዘ፤ መጽሔቶችም እንደ ድሮው አይከፍሉም። ዜን ግሬይ ግን በዚያው ሰሞን ከፊተኛዋ እጅግ የምትበልጥ፣ ፊሸርማን ቁጥር ሁለት ያላትን መርከብ ገዛ። የመርከቧ ማደሻና የሠራተኞቿ ደመወዝ ከሚችለው በላይ ሆነ። ያሰበውን ያህል ሳይጓዝባት ተመለሰ፤ መርከቧም ተሸጠች። አባቱ በ1889 የሠሩትን ስሕተት ልጃቸው በባሕር ላይ ደገመው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ልዩነቱ አባቱ ሲከስሩ ቤተሰቡ ከነልጁ መሰደዱ ነው። ዜን ግሬይ ሲቸገር ግን ቤተሰቡ ከቤቱ አልተፈናቀለም። ውሎቹን በጥንቃቄ የያዘ፣ ከግማሹ ቤቱን ያቆመ ሌላ ሰው ስለነበረ ነው።

በ1936 አውስትራሊያ ሄዶ በርማጉዪ በሚባል የባሕር ዳርቻ መንደር ሰፈረ። አውስትራሊያ ሳለም ስለ ሻርክ በተሠራ ፊልም ላይ ራሱን ሆኖ ተጫወተ። በ1937 ኦሪጎን ግዛት ውስጥ በኡምፕኳ ወንዝ ዳር አሣ ሲያጠምድ በሰነበተበት ወቅት ስትሮክ መታው። ከዚያ በኋላ የቀድሞ ጉልበቱ አልተመለሰም። ኦክቶበር 23 ቀን 1939 አልታዴና በሚገኘው ቤቱ በልብ ድካም ሞተ። ዕድሜው 67 ነበር።

ዶሊ ከእሱ በኋላ 18 ዓመት ኖራ በ1957 አረፈች። ማተሚያ ቤቱ ሳይታተሙ የቀሩትን ጽሑፎቹን በየዓመቱ እያወጣ እስከ 1963 ዘልቋል። ደራሲው ከሞተ በኋላ 24 ዓመት ሙሉ አዲስ መጽሐፍ ወጣለት ማለት ነው። ይህ የሆነው ጽሑፉ ስላልጠፋ፣ ውሉም ስላልተበላሸ ነው።

ሁለቱም የተቀበሩት በላካዋክሰን፣ መጀመሪያ በተያዩበት በዴላዌር ወንዝ አጠገብ ነው። የኖሩበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል።

ለእኛ የሚቀረው

ዜን ግሬይ ባሕሩን የወደደውን ያህል ወደደ፤ እኛ በዚያ አንፈርድበትም። ሰው የሚወደው ነገር ሲኖረው ሕይወቱ ይሞላል፤ እሱ ባይጓዝ ኖሮ መጻሕፍቱም አይኖሩም ነበር። ግን አንድ ሰው እንዲሄድ ሌላ ሰው መቆየት አለበት። የሄደው በፎቶግራፍ ይወጣል፤ የቆየው ብዙ ጊዜ አይታይም።

በማኅበራችንም ይህንን በየቀኑ እናየዋለን። ባሏ ከባድ መኪና እየነዳ ወር ሙሉ ከቤት የሚርቅ አባል አለችን። ልጇ አረብ አገር ሄዳ የልጅ ልጆችን የምታሳድግ እናት አለችን። የሚላከው ገንዘብ በሐዋላ ደረሰኝ ላይ ይጻፋል። ገንዘቡን ለቤት ኪራይ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለእቁብና ለእድር ከፋፍላ ወሩን የምታደርሰዋ ሴት ግን ሥራዋ የትም አይጻፍም። የአባልነት ቅጻችንን ስትሞላ ሙያ በሚለው ቦታ ላይ ሥራ የለኝም ብላ የምትጽፍ እኅት ብዙ ናት። የሒሳብ ሰዎች እንደመሆናችን ይህ መልስ ያሳስበናል፤ በመዝገብ ላይ ያልሰፈረ ነገር በክፍፍል ጊዜ አይታሰብምና።

ስለዚህ ከዶሊ ግሬይ ሦስት ነገር ብንወስድ መልካም ነው እንላለን። አንደኛ፣ በቤት ውስጥ የሚገባውንና የሚወጣውን በደብተር መያዝ፤ ጥቂትም ቢሆን፣ በእርሳስም ቢሆን። ሁለተኛ፣ ውልና ሰነድ ሲፈረም አንብቦና ገብቶን መፈረም፣ ቅጂውንም በእጃችን ማስቀረት። ሦስተኛ፣ ከትዳር ጓደኛችን ወይም ከልጆቻችን ጋር ስንነጋገር ማን ስንት አመጣ ብለን ብቻ ሳይሆን ማን ምን ተሸከመ ብለን መነጋገር። ይህ ጠብ መፈለግ አይደለም። ዶሊና ዜን ግሬይ 34 ዓመት የዘለቁት ነገሩን በግልጽ ስለተነጋገሩበት ይመስለናል።

ደጋፊዎቻችንም የምትሰጡን ድጋፍ አንዱ ክፍል የሚውለው ለመሠረታዊ የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና መሆኑን ታውቃላችሁ። ከስፌት ማሽንና ከመነሻ ብድር ጋር ሲነጻጸር ደብተርና እርሳስ ለዓይን አይሞሉም። ግን ብድሩን የሚያቆየው ደብተሩ ነው።

በሚቀጥለው ዙር የአባልነት ቅጽ ስትሞሉ ሙያ የሚለውን ቦታ ባዶ አትተዉት፤ ቤት አስተዳዳሪ ብላችሁ ጻፉ፤ ስንት ሰው እንደምታስተዳድሩም ጨምሩበት። እኛም በመዝገባችን ላይ እንደጻፋችሁት እናሰፍረዋለን።

በደኅና ያገናኘን።